ዓይን አስነባቢዋ ታንጉት

ታንጉት ሰው ስታገኝ ከሰላምታው በፊት ዓይኑን ነው የምታየው። "እንዴት አደራችሁ" ብላ ሳትጨርስ፣ ሰውየው አንገቱን ያዘነብል እንደሆነ፣ ደረጃ ሲወርድ በእግሩ ይዳብስ እንደሆነ፣ ብርጭቆ ሲቀበል እጁ ስቶ ይሄድ እንደሆነ አይታ ጨርሳለች። ይህን ሁሉ የምታየው ደግሞ በአንድ ዓይኗ ነው። ግራው ማየት ካቆመ ሀያ ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ዓይና ሴት የደባርቅን ሰው ሁለት ሁለት ዓይን ስትፈትሽ መዋሏ የሚያስቃቸው ጎረቤቶቿ "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" ይሏታል። ታንጉት በተረቱ አትቀየምም። "የራሴ ስላረረ አይደል ሽታውን የማውቀው?" ትላለች፣ አብራ ትስቃለች።

ሥራዋ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚሰጥበት ክፍል ነው። በወረቀት ላይ "አድሄረንስ ሳፖርተር" ትባላለች። ይህን ስም ከነርሱ ከሙሌ በቀር የሚጠራው የለም፤ እሱም ሪፖርት ሲጽፍ ብቻ ነው። ሥራው ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ መምከር፣ ያቋረጠውን ደግሞ ካለበት ፈልጎ መመለስ ነው። ዓይን ማስነበቡን ግን ማንም አላዘዛትም። ራሷ ናት የጀመረችው፣ ተዪው ቢሏትም የምትተወው አይደለም።

የተወለደችው ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ደባርቅ ያመጣት ትዳር ነበር፤ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ሞተ፣ እሷም ሀያ ስድስት ዓመቷ ላይ አጥንቷ እስኪቆጠር ከሳች። መድኃኒቱ ወደዚህ አገር መድረስ የጀመረው ያን ሰሞን ነው። በግራ ዓይኗ ጥቁር ነጠብጣብ ሲንሳፈፍ ማየት ስትጀምር የምድጃ ጥላሸት ገብቶብኝ ነው ብላ በውሃ አጠበችው። አያማትም፣ አይቀላም፣ አያለቅስም። የማያም በሽታ ደግሞ ማን በሽታ ይለዋል? ሦስት ወር ሙሉ ሐኪም ቤት ተመላለሰች፤ ሳሏን ጠየቁ፣ ሆዷን ጠየቁ፣ ትኩሳቷን ለኩ፣ ዓይንሽስ ያላት ግን አልነበረም። አንድ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ በግራ በኩል መጋረጃ ወርዶ ጠበቃት።

ጎንደር ያገኘችው የዓይን ሐኪም ነገሩን አስረዳት። ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ አለ፤ በአብዛኛው ሰው ሰውነት ውስጥ ከልጅነት ጀምሮ ተኝቶ ይኖራል፣ አንቺም ጋ አለ፣ እኔም ጋ ሳይኖር አይቀርም አላት። የሰውነት ዘብ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ቫይረሱ አይነቃም። ዘቡ ሲደክም ግን ተነስቶ የዓይንን ጀርባ፣ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ከዳር ጀምሮ ይበላዋል። የበላውን መመለስ አይቻልም፤ ያልበላውን ማዳን ግን ይቻላል። ከዚያ ቀጥሎ የተናገረውን ታንጉት እስከ ዛሬ ቃል በቃል ታስታውሰዋለች፤ "በመጀመሪያው ሳምንት መጥተሽ ቢሆን ኖሮ" ነበር ያለው። ቀኝ ዓይኗን አዳነላት። ያ ዓረፍተ ነገር ግን እንደ እሾህ ተሰክቶባት ቀረ፣ እሷም ሌላ ሰው እንዳይሰማው ማለች።

ቫይረሱን "አድፋጩ" ትለዋለች። ሲዲ ፎሩ፣ ማለትም የሰውነቱ ዘብ ቁጥር፣ ከመቶ በታች የወረደ ሰው ወደ ክፍሏ ሲገባ ወንበሩን ከመስኮቱ ትይዩ ታደርግለታለች። ፊደል ላልቆጠረው የመስኮቱን ፍርግርግ ብረት ታሳየዋለች፤ አንዱን ዓይንህን ሸፍን፣ ብረቶቹን ቁጠር፣ የጎበጠ አለ፣ የጠፋ አለ? ለሚያነበው ግን ዳዊት አላት። መጀመሪያ ጋዜጣ ነበር የምትሰጠው። ሰዉ ጋዜጣ ሲሰጡት ተጠራጠረ፤ ፈርም ሊሉኝ ነው ያለም ነበር። ዳዊት ሲሰጡት ግን እንቢ የሚል የለም፣ ተኝቶ የመጣው ሁሉ ቀና ይላል፣ ፊደሉም ደማቅ ነው። ታንጉት በዚህ ብልሃቷ ስትኮራ ለጉድ ነው። ኩራቷ ግን መዘዝ ይዞ መጣ።

የሁዳዴ ሁለተኛው ሳምንት ነበር። ከጃናሞራ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ መጡ፤ አርባ ተማሪ በዙሪያቸው ሰብስበው ድጓ የሚያስተምሩ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ሰው ዝም የሚያሰኙ ሰው ናቸው። መድኃኒታቸው ያለቀው መንገዱ በተዘጋበት ክረምት ነው። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ማን አየኝ የሚለው ሐሳብ ዘጋባቸው። ስምንት ወር ቆዩ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ላይ የተሰቀለ እስኪመስል ከስተዋል። ሙሌ የደም ውጤታቸውን አይቶ ለታንጉት በጆሮዋ ነገራት። ቁጥራቸው ሠላሳ አንድ ነው፤ ዓይናቸውን እይልኝ፣ ደህና ከሆነ መድኃኒታቸውን ዛሬውኑ ይዘው ይሂዱ አላት።

ታንጉት ዳዊቱን ሰጠቻቸው። በመጀመሪያ በግራ እጃቸው ግራ ዓይናቸውን ሸፍነው አነበቡ፣ ከዚያ ቀኙን ሸፍነው ቀጠሉ። ማንበብ ብቻ ነው እንዴ! ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ወሬውን አቆመ፣ አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት በሩ ላይ ቆማ አማተበች። ግዕዙን ታንጉት ፊደሉን እንጂ ፍቺውን አታውቀውም፤ ዜማው ግን ሆዷን አባባት። ቅጠሉን ገለጡ፣ ቀጠሉ፣ እንደገና ገለጡ። አንዲት ቦታ ላይ አልተደናቀፉም። ታንጉት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ካርዳቸው ላይ "ሁለቱም ዓይን ደህና" ብላ ጻፈች። መሪጌታ ሲወጡ በግራ ትከሻቸው የበሩን መቃን ገጩት። "በራችሁ ለደባርቅ ቀጫጮች የተሠራ ነው" ብለው ሳቁ፣ እሷም ሳቀች።

ሳቀች! ሀያ ዓመት ሙሉ ሰው በር ሲገጭ የምትከታተል ሴት ሳቀች።

ከሳቸው በኋላ የገቡት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። እማሆይ የመጡት ለስኳር ክትትል ሲሆን ይህ ክፍል አይመለከታቸውም ነበር፤ ዳዊት የሚያስነብቡበት ቤት አለ መባሉን ሰምተው ግን ወረፋ ይዘዋል። ፊደል የቆጠሩት በስተርጅና ስለሆነ ጣታቸውን ከየቃሉ ሥር እያስኬዱ፣ እንደ ሕፃን እየቆረጡ ነው የሚያነቡት። መሪጌታ ከጀመሩበት ገጽ ላይ ጀመሩ። አንድ ቅጠል ጨረሱ፣ ገለጡ፣ ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ መለሱት። እንደገና ገለጡት።

"ልጄ፣ ይኸ መጽሐፍ ቅጠል ጎድሎታል" አሏት። "መዝሙሩ መካከል ላይ ይቋረጣል። አይጥ ነው ወይስ ሰው የገነጠለው?"

ታንጉት መጽሐፉን ተቀብላ አየችው። እውነት ነው፣ ከስፌቱ ሥር የተገነጠለ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል። መቼ እንደተገነጠለ አታውቅም። ቢገነጠልስ ምን አለበት ብላ ልትመልስላቸው አፏን ከፈተች፤ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። መሪጌታ እዚህ ቦታ ላይ አልቆሙም። ይህን ቅጠል ገልጠው፣ ጨርሰው፣ ወደሚቀጥለው በዜማ ተሻግረዋል። በሌለ ወረቀት ላይ ያለ ጽሑፍ አንብበዋል።

አላነበቡም ማለት ነው! ዳዊትን በቃሉ የማያውቅ መሪጌታ የት አለ? ልጅ ሆነው፣ ድምፃቸው ሳይጎረንን የያዙትን መዝሙር እኮ ነው የሰጠቻቸው። እንደዚህ ያለ ሞኝነት ከደባርቅ ሴት ይጠበቃል? ለሰፊው ሕዝብ የሠራው ብልሃት ለአንድ መምህር ወጥመድ ሆነ፤ ወጥመዱ ውስጥ የገባችው ደግሞ ራሷ ታንጉት ናት። የበሩ መቃን ትዝ አላት። ግራ ትከሻ፣ ግራ ዓይን።

ሙሌ ሲሰማ ከንፈሩን ነከሰ። ስልካቸው ላይ ደወለ፣ ጥሪ አይቀበልም። መቼም በሚቀጥለው ወር ለመድኃኒት ይመለሳሉ፣ ያኔ እናያቸዋለን አላት፣ ራሱንም እያጽናና ነበር። ታንጉት ግን ወር የሚባለውን ነገር ታውቀዋለች። የእሷ ዓይን የጠፋው በሦስት ወር ነው፤ ከሦስቱ ወር አንዱ ቢቀነስላት ኖሮ ዛሬ ሁለት ዓይን ይኖራት ነበር። ዳዊቱን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች። ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

መሪጌታን ወደ ጃናሞራዋ ከተማ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው አይሱዙ ከገበያው ጥግ የሚነሳው አምስት ሰዓት ላይ ነው። አምስት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ገበያው ቀኑ ስለሆነ በግ፣ ገብስ፣ ጌሾ፣ ሰው፣ ሁሉም መንገዱ ላይ ነው። አንድ ዓይን ያለው ሰው ሲሮጥ ርቀት አይታወቀውም፤ ታንጉት ገብስ የተሰጣበትን ጆንያ ረግጣ ተሰደበች፣ ከአንድ በግ ጋር ተጋጭታ ይቅርታ ያለችው በጉን ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለውን ታውቃለች፤ መልቀሙን ለነገ አስተላልፋ አፍስሳ ሮጠች። ደርሳ ብታይ አይሱዙው የለም። ያን ዕለት ሰው ቶሎ ሞልቶለት ቀድሞ ተነስቷል።

"ታደለ!" ብላ የጮኸችው ባጃጁን አቁሞ በቆሎ የሚበላውን የሰፈሯን ልጅ ነው። "የጃናሞራውን መኪና ድረስበት!"

"እትዬ ታንጉት፣ ያ ዳገት ለባጃጅ አይሆንም" አላት ታደለ። ይህን እያለ ግን ሞተሩን አስነስቶ ነበር።

ባጃጁ ከከተማው ወጥቶ ወደ ዳገቱ ሲዞር እንደ ዓሣማ ጮኸ። ታደለ ወደ ፊት ተደፋ፤ ታንጉት ክብደት ልቀንስ ብላ ዳዊቱን ከፍ አድርጋ ያዘችው፣ ይህ ምን እንደሚቀንስ እግዜር ይወቀው። አቧራው ውስጥ የአይሱዙው ጀርባ ታየ። እህል ተጭኖበታል፣ ከእህሉ በላይ ሰው ተጭኖበታል፣ ዳገቱን እየተነፈሰ ይወጣል። ጠፋ። እንደገና ታየ። ታደለ በጎን ገብቶ ሲያልፈው ታንጉት ወርዳ መንገዱ መካከል ቆመች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች። ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። አልተነቃነቀችም። እህሉ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ተነስተው ቆሙ። ፖሊስ ናት አለ አንዱ፣ ነጭ የለበሰች ፖሊስ የት ታይቶ አለ ሌላው።

መሪጌታ ለክብራቸው ጋቢና ውስጥ ነው የተቀመጡት። ታንጉት መስኮቱ ሥር ስትደርስ ነው ያለችበትን መከራ ያወቀችው። ሃምሳ ጆሮ በላይዋ ተደቅኗል። ከየት ናት፣ ምን ሆነው ነው፣ የምን መድኃኒት፣ አንዲት ቃል ብታመልጣት መሪጌታ ያላቸው ስም እዚህ ዳገት ላይ ያበቃል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ካልተናገረች ደግሞ አይወርዱም። ዳዊቱን በመስኮቱ አቀበለቻቸው።

"መሪጌታ፣ ያነበቡልኝን ቦታ ጣትዎን አድርገው ያሳዩኝና ይሂዱ" አለቻቸው።

"አንቺ ሴት፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አንዲት ፊደል አልገደፍኩም" አሉ ተቆጥተው። ጋቢና ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች በድፍረቷ ተገረሙ።

"አልገደፉም። ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት" አለቻቸው።

መሪጌታ መጽሐፉን ገለጡት። ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉት፣ እንደ ዶሮ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘነበሉ። ገለጡ፣ መለሱ። ጣታቸው ስፌቱ ሥር ያለችውን የተገነጠለች ጠርዝ አገኘች፣ ከላይ እስከ ታች ዳበሷት፣ ከታች ወደ ላይ ተመለሱ። ፊታቸው ላይ ቁጣው ሲጠፋ፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር ሲመጣ ታየ፣ እሷም ያን ነገር ከመስተዋት ታውቀዋለች። መሪጌታ መጽሐፉን ዘጉና ለሹፌሩ፣ ጉዳዬ አላለቀም፣ ዕቃዬን አውርዱልኝ አሉት።

መኪናው ሄዶ አቧራው በረደ። ታደለ ከባጃጁ ጋር ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ መሪጌታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተናገሩ። ከጥምቀት ወዲህ በግራ ዓይናቸው ጥቁር ዝንቦች ይታዩዋቸዋል፤ የኩራዝ ጭስ ነው ብለው ነበር። ቀኙም ሰሞኑን አንዳንዴ ብልጭ ይልበታል። ግን እያነበብኩ ነው፣ ምን ሆንኩ ብለው ራሳቸውን አሳምነው ነበር። ዳዊቱን ይገልጣሉ፣ ድጓውን ይገልጣሉ፣ ቃሉ ይመጣል። የማያውቁትን ነገር ገልጠው ካነበቡ ስንት ዘመናቸው! ዓይናቸው ሲደክም አፋቸው ቀድሞ እየሄደ ሸፍኖለታል።

"ለካ አላነብም ነበር" አሉ። "ስንት ቀን ነው ሳላነብ አነበብኩ እያልኩ የኖርኩት?"

ታንጉት የራሷን ነገረቻቸው። ጥላሸቱን፣ ሦስቱን ወር፣ መጋረጃውን፣ ያን "በመጀመሪያው ሳምንት" የሚለውን ቃል ነገረቻቸው። አሁኑኑ ጎንደር እንሂድ አለቻቸው። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተማሪ እየጠበቃቸው ነው፣ ጾምም ነው። ደግሞስ እሳቸውን ድጓ ያስተማሯቸው መምህር ዐይነ ስውር አልነበሩም? ከእሳቸው የበለጠ ሊቅ በሀገሩ አልነበረም።

"ቃሉ ያለው እዚህ ነው" አሉ ደረታቸውን ነክተው።

"ቃሉስ እዚያ ይሁን" አለቻቸው ታንጉት። "ወደ ደብርዎ የሚወስደውን ገደልስ በቃልዎ አጥንተውታል?"

መሪጌታ ዞረው ተራራውን አዩት፣ ወይም ካዩት ነገር የቀረውን አዩት። የደብራቸው መንገድ በአንድ በኩል ግድግዳ በሌላው በኩል ሰማይ ነው፤ ሰማዩ ያለው በግራ በኩል ነው። ትንሽ ቆይተው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ታንጉት የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነበር። በቃሌ የማላውቀው አንድ ነገር አገኘሽብኝ ብለው ተነሱ።

ሙሌ ሪፈሩን ጽፎ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። በዘጠኝ ሰዓት ጎንደር ገቡ፤ አዲሷ የዓይን ሐኪም ልትወጣ ቦርሳዋን ይዛ ነበር፣ ታንጉት ግን በሩ ላይ ቆመች፣ በዚያ ቀን መንገድ መዝጋት ለምዶባታል። ሐኪሟ ብሌናቸውን በጠብታ አስፍታ፣ በመብራት ለረጅም ጊዜ አየች። ግራው ከግማሽ በላይ ተበልቷል፣ አይመለስም። ቀኙ ላይ አድፋጩ ገና ከዳር ነው፤ መካከሉ፣ ማንበቢያው፣ አልተነካም። የኤች አይ ቪውን መድኃኒት ጀምረውታል ወይ ብላ ጠየቀች። ቦርሳቸው ውስጥ ነው፣ አልጀመሩትም። እሰይ አለች ሐኪሟ። ዘቡ ዓይን ውስጥ ያለው እሳት ሳይበርድ በድንገት ቢነቃ ሌላ መቆጣት ያመጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የዓይኑ መድኃኒት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላው። ጠዋት ሁለት ፍሬ፣ ማታ ሁለት ፍሬ፣ ሀያ አንድ ቀን፣ በየሳምንቱ የደም ምርመራ። ሁሌም ከምግብ ጋር፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሁን፤ በባዶ ሆድ ከዋጡት ግን ሰውነት የሚቀበለው ትንሹን ነው፣ ቀሪው ይባክናል።

እዚህ ላይ መሪጌታ ዓለት ሆኑ። በሁዳዴ እህል የሚቀምሱት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላፈረሱም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱን፣ ሲተኙ ሁለቱን እውጣለሁ አሉ። ሐኪሟ አይሆንም አለች፣ መራራቅ አለበት። ታንጉት ለመነች፣ ተቆጣች፣ ኩራት ነው እንጂ ጾም አይደለም እስከማለት ደረሰች፣ ወዲያው ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች። በመጨረሻ ይህን የሚፈታ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ገባትና ስልኳን ሰጠቻቸው። የነፍስ አባታቸው አባ ሃብተ ጊዮርጊስ አዲ አርቃይ አጠገብ ባለ ገዳም ነው የሚኖሩት። መሪጌታ ራሳቸው ደወሉ፣ ራሳቸው ነገሩ፤ እስከ ዛሬ ለሰው ያልነገሩትን በሽታ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። ታንጉት ራቅ ብላ ቆመች። የአዛውንቱ ድምፅ ግን ከስልኩ አልፎ ይሰማ ነበር።

"ብላ፤ ጠዋትም ማታም ብላ" አሏቸው ቀስ ብለው። "ያንተን ጾም እኔ እጾምልሃለሁ። እስከ ምሽት ድረስ እቆይበታለሁ። አንተ ዓይንህን ጠብቅ።"

መሪጌታ ስልኩን መልሰው ሰጧትና የዓይኑን መድኃኒት ሊቀበሉ ተመለሱ።

ሀያ አንዱን ቀን ደባርቅ፣ ዘመድ ቤት ሰነበቱ። ታንጉት በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት የሱፍ ፍትፍት ይዛ ትደርሳለች፤ ሱፉ ቅባት አለው፣ ከፍስክም አያስገባም፣ ይህን ያሰበችው እሷ ናት፣ ሐኪሟም በስልክ ስትሰማ ወደደችው። መሪጌታ የመጀመሪያውን ጠዋት እንደ ሬት ዋጡት። አባቴ አዲ አርቃይ ላይ እየተራቡልኝ ነው አሉ። ታንጉት እንግዲያው በከንቱ እንዳይራቡልዎ ሳያስተርፉ ይብሉት እያለች ሳህኑ እስኪጸዳ ቆማ ጠበቀች። በአሥራ አምስተኛው ቀን የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ጀመሩ። በእነዚያ ቀናት እሷም አላረፈችም፤ በየማታው በገዛ እጇ አዲስ አዲስ ወረቀት ትጽፋለች፣ ማንም በቃሉ ሊያውቀው የማይችለውን፣ የጎረቤት ወሬ፣ የዝናቡን ነገር፣ የበጎቹን ጠብ ሁሉ ትጽፋለች። ዳዊቱ ወደ ሳጥን ገባ። አሁን ክፍሏ የሚመጣ ቄስም ሆነ ተማሪ የታንጉትን ወሬ ነው የሚያነበው።

ሀያ ሁለተኛው ቀን ላይ ጎንደር ሄዱ። ያን ቀን ከታንጉት የበለጠ የፈራ ሰው አልነበረም። ሐኪሟ ብሌናቸውን አስፍታ አየች፣ የወሰደችው ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ይረዝማል፣ ታንጉት የነጠላዋን ጥለት ክር በክር ፈታችው። ከዚያ ሐኪሟ መብራቱን አጠፋች። ቆሟል አለች። ቀኙ ከዳር ጠባሳ ይዞ ቀርቷል፣ ወደ መካከል አልገፋም። ቁጥራቸው ከመቶ በላይ ወጥቶ እስኪጸና ድረስ በቀን አንድ ጊዜ ይቀጥላሉ፣ በየወሩም ይታያሉ። መሪጌታ ግራውስ ብለው ጠየቁ፣ መልሱን እያወቁት። ሐኪሟ የግራው አይመለስም አለቻቸው። አንገታቸውን ደፍተው አመሰገኑ።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ጠብታው ለቆ ብርሃኑ እስኪስተካከልላቸው ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ታንጉት አንድ ነገር ሰማች። መሪጌታ በግራ እጃቸው ግራ ዓይናቸውን ሸፍነው ያነባሉ። "ጎማ ይጠገናል" አሉ። "ፀጋ ልብስ ስፌት" አሉ። ቀስ ብለው ነበር የጀመሩት፤ ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ። የስልክ ቁጥር አነበቡ፣ አሥሩንም አኃዝ፣ አንድ በአንድ። "በዚህ በር ላይ መኪና ማቆም ክልክል ነው።" ዜማ ገባበት። "ሙቅ ሻወር አለ።" ረዳቱ ዞሮ አያቸው። "እዚህ አካባቢ መሽናት ያስቀጣል" የሚለውን እንደ ማሕሌት አድርገው ሲያወጡት ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፣ መሪጌታ ግን አልሰሟቸውም፤ ደስታቸው ከሰው ሐፍረት በላይ ሆኖ ነበር። ታንጉት እየሳቀች አለቀሰች፣ እንባዋን ለመደበቅም አልሞከረችም።

ዳባት ሊገቡ ሲሉ ከአጠገቧ የተቀመጠችው፣ ዶሮ በጉልበቷ ላይ የያዘች ሴት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

"አባታችን ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት።

ታንጉት የአርባ ተማሪ መምህር ናቸው ልትል ነበር። ተወችው።

"ዛሬ ነው የጀመሩት" አለቻት።

"ጎበዝ ናቸው" አለች ሴትዮዋ።

መሪጌታ ሰምተዋት ነበር። እጃቸውን ከግራ ዓይናቸው ላይ ሳያነሱ "ገና ነኝ" አሉና የዳባትን የመጀመሪያውን ሱቅ አነበቡ።